በረቱ በር ላይ የታሰረው ጨርቅ

ዶክተር የአብሥራ ጂንካ ከተማ በሚመራው የእንስሳት ክሊኒክ በረት ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል፤ ደሙ ከጭቃውና ከእበቱ ጋር ተለውሶ ረግቷል። አጠገቡ አንዲት ቦርኮቶ ደም ለብሳ ወድቃለች፤ የሐመር ሰው ቀን የሚቀመጥባት፣ ሲተኛ የሚንተራሳት ትንሽ በርጩማ። ያበጠ እግሩን ሊታከም ከሐመሯ ዲመካ የመጣው ኮርማ ጥግ ይዞ ቆሟል።

ኢንስፔክተር ዘሪቱ ስትደርስ ከሬሳው በፊት የሚያስቸኩል ነገር ጠበቃት። የከተማው ጎረምሶች የኮርማውን ባለቤት ጉታን ከአጥሩ ጋር አጣብቀው በድንጋይ ይቀጠቅጡታል። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ከንፈሩ ተተርትሯል። ገጀራ የያዘው ሲጠጋው ዘሪቱ ሽጉጧን መዝዛ ወደ ላይ ተኮሰች።

«ሁለተኛዋን ለሰማይ አልሰጣትም» አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ።

ጎረምሶቹ ወደ ኋላ አሉ። ዘሪቱን ያውቋታል፤ ጂንካ ተወልዳ ያደገች የአሪ ልጅ ናት። ባልደረቦቿ ከእሷ ጋር ሻይ መጠጣት ይፈራሉ፤ ስኳሩን ማን እንዳበዛው ሳይቀር ትደርስበታለች።

ጉታን በፖሊስ መኪና አስገብታ በሩን ቆለፈችበት። ከመንገዱ ማዶ ለገበያ የመጡ ዘመዶቹ ዱላና ክላሽ ይዘው መሰብሰብ ጀምረዋል። ጉታ በዚህ ሕዝብ እጅ ከሞተ እነሱም ዝም እንደማይሉ፣ ከዚያም ማንም ማንንም እንደማይመልስ ታውቃለች። ስለዚህ ገዳዩን ማግኘት ያለባት ዛሬ ነው።

ሳጅን አቤኔዘር ነገሩ ያለቀለት መሆኑን አስረዳት። ዶክተሩ ትናንት የኮርማው እግር ካልዳነ መታረዱ አይቀርም ብሎት ከጉታ ጋር ተጨቃጭቀዋል። ቦርኮቶዋም የጉታ ናት።

«ካለቀለት እኔን ለምን ጠራችሁኝ?» ብላ ወደ መኪናው ጎንበስ አለች። «ጉታ፣ ቦርኮቶህ በረቱ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

ጉታ ደም ተፋና መለሰ። «እኔ ሰው አልገደለም። እኔ ዘመድ ቤት አደረ። ኮርማ ሰው ግቢ ሲያድር ይፈራል። የኔን ሽታ እንዲያሸት ብሎ አጠገቡ ተወው።»

ዘሪቱ ወደ በረቱ ተመለሰች። ወደ ሬሳው ራስ ጎንበስ ብላ አየች፤ ቁስሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጠባብና ጥልቅ ነው፤ አጥንቱን እንደ ቅል ከፍሎታል። ሌላው ሰፊ ነው፤ ቆዳውን ፈጭቶ አጥንቱን ሳይሰብር ቀርቷል። ጠፍጣፋዋ ቦርኮቶ ሁለተኛውን ብቻ ልታደርስ ትችላለች። የኮርማው ሰኮና ላይ እበት እንጂ ደም የለም። ከበሩ ውጪ ደግሞ ግቢው ሁሉ ቆሽሾ ሳለ አንድ ቦታ ብቻ ሲሚንቶው ነጥቷል፤ በረት የሚታጠብበት የክሪኦሊን መድኃኒት ሽታ ይሰነፍጣል። ሰውየው የተመታው እዚህ ነው፤ ወደ ውስጥ የተጎተተው ከሞተ ወይም ሊሞት ሲል ነው።

በበሩ አግዳሚ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ከግድግዳው ሥር ሽቦ የገባለት ቢጫ ጄሪካን ተጋድሟል።

ሬሳውን ያገኘው የክሊኒኩ ከብት ያዥ አብኔር ነበር።

«ጋሽ አብኔር፣ ይሄ ጄሪካን ምንድን ነው?»

«ምልክት ነው፣ ልጄ። አስቸጋሪ ከብት ውስጥ ትቶ የሚወጣ ሰው በሩ ላይ ይሰቅለዋል። ሌላው አይቶ ብቻውን እንዳይገባ ነው። ዶክተር እዚህ ሲመጣ ያወጣው ሕግ ነው። ከዚያ በፊት አንዱን ልጅ ኮርማ አንጀቱን ዘርግፎት ነበር።»

«ጨርቁስ?»

«ድሮ ጨርቅ ነበር። ያለፈው ሳምንት ፍየል በላችውና ሆዷን ቀደን አወጣነው። ዶክተር ሳቀ፤ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ በጄሪካን ለወጠው። ግቢው ውስጥ ያለውን ጨርቅ ሁሉ ለቃቅሜ ያቃጠልኩት እኔው ነኝ።» ወደ በሩ አየና ግንባሩን ቋጠረ።

መድኃኒት ክፍሉን የምትይዘው ቤቲ ዓይኗ አብጧል። ዘሪቱ የጠዋቱ ስብሰባ ምን እንደሚመስል ጠየቀቻት። ቤቲ እንደነገረቻት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም ትናንት ያጠፋውን ራሱ ይናገራል። ዶክተሩ ለጥፋት አይቆጣም፤ ለመደበቅ ግን ምሕረት የለውም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይል ነበር። እሷም አንዴ የክትባቱን ፍሪጅ ከፍታ ሄዳ፣ በሰው ፊት እያለቀሰች ተናግራለች።

«አልጠላሽውም?»

«ጠልቼዋለሁ» አለች ቤቲ። «እስከ ምሳ ድረስ።»

ቤቲ ኦሞ ዳር ወዳለችው ዱስ መንደር የሄደውን የመስክ ቦርሳ እሑድ ከሰዓት እንዳዘጋጀችም ነገረቻት። ቦርሳውን የያዘው ምክትሉ፣ ዶክተር ሚልክያስ፣ ሰኞ ገና ሳይነጋ በሞተር ለክትባት ወጥቷል፤ ትናንት ማታ ቀይ አፈር ከተማ አድሮ ዛሬ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል።

ሚልክያስ አቧራ ለብሶ ደረሰ። ሬሳው ላይ ተደፍቶ ጮኸ፤ ደረቱን ደቃ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሚልክያስ ጉንጭ ላይ ያለው አቧራ ግን አንድ መስመር እንኳ አልወጣበትም። ዘሪቱ ይህን ልብ አለች። ሐዘን ደረቅ የሚያደርገውም ሰው አለ።

ክትባቱ በደንብ መካሄዱን፣ ማታ ቀይ አፈር ወዳጁ ቤት ማደሩን ነገራት። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እዚህ እኛን ከምትመረምሪ ገዳዩን አትወስጂውም? ሕዝቡ እኮ እየጠበቀ ነው።»

«ሕዝቡ ይጠብቃል» አለች።

በዚህ መሃል ድንጋይ የመኪናውን መስታወት ሰበረ። ከማዶ አንድ የጉታ ዘመድ ክላሹን አቀባበለ። ሳጅን አቤኔዘር በመሃል ቆሞ ሁለቱንም ወገን ይለምናል፤ ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ዘሪቱ የሟቹን ስልክ ከኪሱ አውጥታ አየች፤ ትናንት የመጨረሻው ጥሪ የመጣው ከዱስ ነበር። መልሳ ደወለች፤ አንድ ሽማግሌ አነሱ። የሚሉትን ቆማ ሰማች፤ ዘጋችና ሁሉም አግዳሚው ወንበር ላይ እንዲቀመጡ አዘዘች። ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሽማግሌ አስገባች። ጉታም እጁ በካቴና ታስሮ መጣ። የዶክተሩ ቦታ ባዶ ቀረ።

«የጠዋቱ ስብሰባ ዛሬ አልተደረገም» አለች። «አሁን እናድርገው። ሁሉም ያጠፋውን ይናገር።»

አብኔር ትናንት ዶክተሩን ብቻውን ትቶ በጊዜ መውጣቱን ተናገረ። ቤቲ የክሪኦሊኑን ጠርሙስ ደጅ ረስታ መሄዷን አመነች። ሚልክያስ ጥፋት የለብኝም አለ።

«እንግዲህ የሱን እኔ ልናገርለት» አለች ዘሪቱ። «ጉታ ገዳይ ቢሆን ሰው ገድሎ ይሸሻል እንጂ ሲሚንቶ አያጥብም። ያጠበው ሰው የተመታበትን ቦታ መደበቅ ፈልጓል። ኮርማው ሬሳውን ረግጦ ቁስሉን እንዲያጠፋለት ወደ ውስጥ ጎተተው። ኮርማው ግን ታሟል፤ ጥጉን ይዞ ቀረ። ያኔ ገዳዩ ቦርኮቶዋን አየ፤ በእሷ ደግሞ መታውና ጥሏት ወጣ። ሲወጣ ለዓመታት የለመደውን አደረገ። በሩን ዘጋ፤ ምልክት አሰረ። እጁ ከሐሳቡ ቀደመ።»

«ጨርቅ ማንም ያስራል» አለ ሚልክያስ።

«የውጪ ሰው ሕጉን አያውቅም። የሚያውቁት ሦስት ናችሁ። ጋሽ አብኔርና ቤቲ ከሰኞ ጀምሮ ጄሪካን ሲሰቅሉ ሰንብተዋል፤ ጨርቁም ተቃጥሏል። ሕጉ መለወጡን ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሰኞ ሳይነጋ የወጣው። ቤቲ፣ እሑድ ቦርሳው ውስጥ ምን ከተትሽ?»

«ገመድ፣ ጓንት፣ ማኮላሻውን ብረት...» ቤቲ ወደ በረቱ ዞረች። «ቀይ ጨርቅ።»

አቤኔዘር ቦርሳውን መሬት ላይ ዘረገፈው። ገመድና ጓንት ወጣ። የኮርማ ማኮላሻው ከባድ ብረት ታጥቦ ወጣ፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ግን ጥቁር ደምና ፀጉር ተሰንቅሯል። ጨርቅ የለም።

«መንገድ ላይ ወድቆብኝ ይሆናል» አለ ሚልክያስ።

«ከዚያ ብቻውን ጂንካ መጥቶ በሩ ላይ ታሰረ? ለዶክተሩ ትናንት ከዱስ ተደውሎለታል። ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ ቀልጦ፣ መድኃኒቱ ፀሐይ ላይ ውሎ ተበላሽቶ እንኳ ከብቶቻቸውን መውጋትህን እንዳላቆምክ ነግረውታል። ከብቶቹን የተከተቡ መስሏቸው በሽታ ካለበት መንጋ ጋር ቀላቅለዋል።»

ሚልክያስ ካጠገቡ ያለችውን ቤቲን በፀጉሯ ይዞ ወደ ራሱ ጎተታት። ከኪሱ ያወጣው የቀዶ ጥገና ምላጭ አንገቷ ላይ አረፈ፤ ቀጭን ደም ወረደ። ሁሉም ባለበት ደረቀ። ጉታ ግን በታሰሩ እጆቹ አግዳሚውን ወንበር ከሥሩ ብድግ አደረገው፤ ሚልክያስ ተንገዳገደ። ዘሪቱ በሽጉጧ ሰደፍ የእጁን አንጓ መታችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ምላጩ ወደቀ።

መሬት ላይ ሆኖ ያቃስታል። «ማታ ሰው ሳያየኝ ከቀይ አፈር በሞተር መጣሁ፤ ነገ ጠዋት ራስህ ትናገራለህ አለኝ» አለ። «አብረን ዱስ ሄደን ሕዝቡን ይቅርታ እንጠይቃለን፣ እንደገና እንከትባለን አለኝ። እነሱ ፊት... እኔ ምክትሉ! እየለመንኩት ጀርባውን ሰጠኝ።»

ቤቲ አንገቷን በመዳፏ ይዛ ከበላዩ ቆመች።

«እስከ ምሳ ነበር እኮ» አለችው። «ከምሳ በኋላ ማንም አያነሳብህም ነበር።»

ሚልክያስ ያን ጊዜ አለቀሰ፤ አሁን አቧራው ላይ መስመሩ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ወጥተው ለየወገናቸው ነገሩ። ከማዶ ክላሹ ወደ ትከሻ ተመለሰ። ድንጋይ የያዙትም አንድ በአንድ ጣል ጣል እያደረጉ ሄዱ፤ ጉታን ይቅርታ የጠየቀ ግን አልነበረም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ዳዋውን ማን ይክሰዋል? ዘሪቱን ይህ አንገበገባት። ካቴናውን በራሷ እጅ ፈታችለትና በከተማዋ ስም ይቅርታ ጠየቀችው።

ጉታ ባልተደፈነው ዓይኑ ወደ በረቱ አየ። «ኮርማውስ?» አለ። «ማን ያክመዋል?»

አብኔር ቤቲን አየ። ቤቲ አንገቷ ላይ ፋሻ እንደጠመጠመች መርፌውን አዘጋጀች። ነገ እሷና አብኔር ለዱስ ሰዎች እውነቱን ሊነግሩ አዲስ ክትባትና በረዶ ይዘው እንደሚሄዱ ለጉታ ነገረችው። አብኔር ኮርማውን ያዘ፤ እሷ ወጋችው፤ የእግሩንም ቁስል አጠበች። ሲጨርሱ በሩን ዘጋች። ከዚያ ከግድግዳው ሥር ቢጫውን ጄሪካን አንስታ የበሩ አግዳሚ ላይ ሰቀለችው።