የሀራሙስ ቀበሮ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ሃያ ስድስት ቀን፣ ዕለቱ ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ በጅቡቲ ከተማ፣ በሀራሙስ ሰፈር፣ ባሕሩ ወደ ኋላው ሸሽቶ ጥቁሩ ጭቃ አግጥጦ ነበር። ወትሮ በዚያ ሰዓት የኤምባሲ ሾፌሮች መኪና ያጥባሉ፤ ዳቦ ሻጮች በየበሩ ይጣራሉ፤ ያን ዕለት ግን ከሄሮን ሰፈር እስከ ሆዳን ሰፈር ሰው የሚባል አይታይም ነበር። ከተማይቱ በወረርሽኙ ሳቢያ ከተዘጋች አሥራ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ አውሮፕላኑ ቆሟል፤ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ባቡር ሰው መጫን ትቷል፤ የምግብ ቤቶቹ ትራፊ ስለተቋረጠም የበረሃው ቀበሮዎች ወደ ቪላዎቹ አጥር ተጠግተዋል።

ከነዚህ ቀበሮዎች አንዱ ጤነኛ አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ለሐጩ ይዝረበረባል፤ የቆመ መኪና ጎማ ሲነክስ ታይቷል፤ በዋዜማውም የጎረቤት ፍየል ዘነጣጥሏል።

የባሕሩን ዳር ቪላ የሚጠብቁት አቶ ወልደየሱስ ያን ጊዜ የስድሳ ሰባት ዓመት አዛውንት ነበሩ። አያታቸው ሐዲድ ሲዘረጋ ከድሬዳዋ ወርደው በዚያው የቀሩ፣ አባታቸውም በጣቢያው መጋዘን ያረጁ ሰው ናቸው፤ እርሳቸው ግን በፈረንሳዮቹ ጦር ሰፈር የመሣሪያ ጥገና ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተው፣ ጠመንጃን በጠረኑ እስኪያውቁት ድረስ ተክነውበታል። ጡረታ ሲወጡ የቪላው ጌታ ሐጂ ሙጠሊብ፣ የታወቁት የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ዘበኛ አድርገው ወሰዷቸው፤ ዘበኛ ይባሉ እንጂ ሐጂ ያለ እርሳቸው ምክር ሚስማር አያስመቱም ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ረፋድ ሐጂ ሁለት ጠመንጃ አውጥተው በረንዳው ጠረጴዛ ላይ አጋደሙ። አደን በአገሩ የተከለከለ ቢሆንም፣ ላበደ አውሬ ግን ፈቃድ ተገኝቶ ነበር። አንደኛው መሣሪያ አቅራቢ መነጽር የተገጠመለት ካራቢን፣ አንዲት ጥይት ሩቅ የሚልክ አጭር ጠመንጃ ነው፤ ሌላው ከአባታቸው የወረሱት ባለ ሁለት አፈሙዝ ረሽ፣ ማለትም ባንድ ተኩስ ብዙ የእርሳስ ፍሬ የሚረጨው የአደን ጠመንጃ።

«ካራቢኑን ያዝ» አሉ ሐጂ፣ በልጅነታቸው ድሬዳዋ በተማሩት አማርኛ። «በመነጽሩ እያየህ ከሩቅ ጣለው። ላበደ አውሬ ማን ይጠጋል?»

«አይሆንም ሐጂ። የካራቢን ጥይት ቀበሮውን በስቶ አይቆምም፤ አጥሩን መትቶ ነጥሮ የሰው መስኮት ይገባል። በግራም በቀኝም ሰው ቤቱ ተዘግቶበት ተቀምጧል እኮ።»

«እንግዲያው ረሹን።»

«ረሹን። ግን ጥይቱ ይመረጥ።»

ሦስት ሣጥን ጥይት ነበረ። አቶ ወልደየሱስ ከየሣጥኑ አንዳንድ አንስተው በቢላ ቀደዱና ፍሬውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት፤ የአንደኛው ጤፍ ያህላል፤ የሁለተኛው ማሽላ፤ የሦስተኛው ሽንብራ።

«ጤፉ ለወፍ ነው፤ ቀበሮን ያቆስላል እንጂ አይጥልም፤ ቆስሎ ያመለጠ ደግሞ የባሰ ነው። ሽንብራው ጉልበተኛ ነው፤ ነገር ግን ዘጠኝ ፍሬ ብቻ ስለሆነ ይበተናል፤ የሳተው አጥር ዘሎ ይሄዳል። ማሽላው በሃያ አምስት እርምጃ ደረቱን ይሞላዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጉልበቱ ያልቃል።» ከዚያም «ዶክተር ሱፊያንም የቀበሮውን ራስ እንዳትነኩብኝ ብሏል» አሉ።

ዶክተር ሱፊያን የእንስሳት ሐኪም ነው። በስልክ እንዳስረዳቸው፣ የእብድ ውሻ በሽታ የሚመረመረው ከአንጎሉ ነውና ራሱ ከተፈረከሰ ማስረጃ የለም።

ማሽላ ያዘለው ሣጥን ግን አሮጌ ነበር። ሽንብራው አዲስ ፕላስቲክ ሲሆን ይኼኛው ቀለሁ ወረቀት ነው፤ የጅቡቲ አየር ደግሞ ወረቀትን ያሳብጣል። አቶ ወልደየሱስ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱን በጠመንጃው ጥይት ማጉረሻ እየከተቱ ለኩ፤ ያበጠውን ጣሉ፤ ነሐሱን ወለወሉ፤ ከሃያ አራቱ አራት ብቻ አመኑና ፀሐይ ላይ አሰጧቸው።

ሻይ ይዛ የመጣችው የቤት ሠራተኛ ፅዮናዊት ይህን ሁሉ ቆማ ታይ ነበር። ከሰቆጣ የመጣች፣ በሃያ ሦስት ዓመቷ አራት ቤት ያገለገለች፣ ሳቂታ ልጅ ናት፤ የዚያን ቀን ግን አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ እውነት ያበደ ነው?»

«ያበደ ነው ልጄ። ወደ በሩ ዝር እንዳትዪ።»

ትሪውን አንስታ ገባች።

ቀበሮው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በጭቃው ዳር ዳር መጣ። አቶ ወልደየሱስ ከበሩ ምሰሶ ተጠግተው ጠበቁት፤ ሃያ አምስት እርምጃ ሲደርስ ደረቱን ለክተው ምላጩን ሳቡ። ጠቅ አለ፤ ሌላ ነገር የለም። አውሬው ድምፁን ሰምቶ ዞረና ሮጠባቸው። አሥር እርምጃ ሲቀረው ሁለተኛውን ሳቡ፤ እርሱም ጠቅ ብሎ ዝም አለ፤ ከአንዲት ትንፋሽ በኋላ ግን፣ እርጥበት የነካው ባሩድ ዘግይቶ ሲነድ፣ ጠመንጃው አጓራ። በዚያች ትንፋሽ ቀበሮው አንገቱን ቀብሮ አፈሙዙ ሥር ደርሶ ስለነበር የተመረጠው ማሽላ ሁሉ አንድ ላይ ራሱ ውስጥ ገባ።

ተጠርቶ የመጣው ዶክተር ሱፊያን ጓንቱን አጥልቆ ተንበረከከ፤ አየና ተነሣ። «የሚመረመር አልቀረም» አለ። «ደግነቱ የተነከሰ ሰው የለም።»

ከወጥ ቤቱ በኩል ብርጭቆ ሲሰበር ተሰማ። አቶ ወልደየሱስ ሲገቡ ፅዮናዊት መሬት ላይ ተቀምጣ የግራ ባቷን በሻሽ አስራ አገኟት።

«መቼ?» አሏት።

«ዛሬ ጠዋት፤ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ።»

«እና እንዴት ዝም ትያለሽ? ጠመንጃ ስመርጥ አጠገቤ ቆመሽ!»

«ከታመምሽ ይወስዱሻል አሉ ጋሼ። ለወረርሽኙ ብለው የወሰዷትን የጎረቤት ሠራተኛ እስካሁን ያያት የለም። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። በሳሙና አጥቤዋለሁ እኮ፤ ትንሽ ናት፤ ደሞ ሲገድሉት ያልፋል ብዬ።»

ሐጂ ሙጠሊብ ይህን ሲሰሙ መኪናቸውን አስነሡ።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለቻቸው ዶክተር ሁዳ የምትባል፣ ለሦስት ቀን እንዳልተኛች ዓይኗ የሚመሰክር ሐኪም ነበረች። ቁስሉን አጠበች፤ የመጀመሪያውን ክትባት ወጋች፤ ከዚያም አቶ ወልደየሱስን ወደ ኮሪደሩ አወጣቻቸው።

«ከክትባቱ ጋር ቁስሉ ውስጥ የሚገባ ሴረም ያስፈልጋታል» አለቻቸው በፈረንሳይኛ። «ለአንድ ሰው የሚሆን ብቻ ቀርቶኛል። ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅ አለች፤ የነከሳት ውሻ ተመርምሮ በሽታው ተረጋግጧል። የእናንተስ?»

«ራሱ ጠፍቷል፣ ዶክተር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ግን ማበዱን ባይኔ አይቻለሁ።»

«አምንዎታለሁ» አለች ዶክተር ሁዳ። «ግን የልጅቱ እርግጥ ነው፤ የእናንተው ግምት ነው። ምን እንዳደርግ ይፈልጋሉ?»

አቶ ወልደየሱስ በመስታወቱ ትንሿን ልጅ አዩ፤ ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሎ በእናቷ ጭን ላይ ተኝታ ነበር። አንገታቸውን ደፉ፤ ሴረሙም ለትንሿ ልጅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ መጠበቅ ነበር። ሁለተኛው ክትባት በሦስተኛው ቀን ተገኘ፤ ሦስተኛው አለቀ ተባለ። ሐጂ ሙጠሊብ ወደ ዱባይ፣ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ማርሴይ ደወሉ፤ በየቦታው የሚያውቁት ሰው ነበራቸው፤ የሚበር አውሮፕላን ግን አልነበረም። አንድ የጭነት አውሮፕላን ያመጣዋል ተብሎ አቶ ወልደየሱስ ሁለት ቀን የአውሮፕላን ማረፊያው ኬላ ላይ ቆሙ፤ የወረደው የአፍ መሸፈኛ ብቻ ነበር።

ፅዮናዊት ደኅና ነበረች። ሕማማቱን ጾመች፤ ለፋሲካ ሐጂ ዶሮ ገዝተውላት ሠራች፤ ሳቋም ተመለሰ። «ጋሼ፣ እንዲህ አይዩኝ፤ ሲያዩኝ ነው የምፈራው» ትላቸው ነበር። እርሳቸው ግን፣ በሽታው ውሃ መዋጥ ስለሚከለክል፣ ውሃ በጠጣች ቁጥር ጉሮሮዋን ያያሉ፤ በየቀኑ ይቆጥራሉ፤ ሠላሳ ሲያልፍ ትንሽ ተንፈስ አሉ።

በሠላሳ አራተኛው ቀን ባቷን ያሳክካት ጀመር። በማግሥቱ ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ ብርጭቆ ወደ አፏ አስጠጋች፤ ጉሮሮዋ ተያዘ፤ ብርጭቆውን አስቀመጠችውና ዘወር ብላ አየቻቸው።

ሐኪም ቤቱ ጠያቂ አያስገባም። አቶ ወልደየሱስ በአጥሩ ፍርግርግ በኩል፣ ከምድር ቤቱ መስኮት አሥር እርምጃ ርቀው ቆሙ፤ የደጁን ነፋስ እንኳ እየሸሸች፣ ነገር ግን ገና አእምሮዋ ሳይለያት፣ ፅዮናዊት እየጮኸች አነጋገረቻቸው።

«ጋሼ፣ ለእናቴ ይደውሉላት!»

«እደውላለሁ።»

«እግሯን አሟት ነበር ይበሉልኝ! ቀበሮ እንዳይሉ! አገር ሁሉ ቀበሮ የበላት እያለ ያዜምባታል!»

«እሺ ልጄ። እግሯን ነው እላለሁ።»

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ እሺ ጋሼ?»

ይህን ግን እሺ ማለት አቃታቸው፤ ፍርግርጉን ጨበጡ። ነርሷ መስኮቱን ዘጋች። ከሁለት ቀን በኋላ ፅዮናዊት አረፈች፤ በክርስቲያኖች መቃብር አቶ ወልደየሱስ፣ ሐጂ ሙጠሊብና አንድ ቄስ፣ ተራርቀው ቆመው ቀበሯት፤ ለቅሶም በዚያ ሰሞን ክልክል ነበር።

በዚያው ሳምንት የከተማይቱ እገዳ ላላ። ሱቅ ተከፈተ፤ ሰዉ መንገድ ላይ እየተጠራራ ሳቀ፤ ስለዚያ ወራት የጻፉ ሁሉ ይህን ቀን መዝግበውታል። በወረርሽኙ ያለቀው ሰው ቁጥርም በየመዝገቡ ሰፍሯል፤ ፅዮናዊት ግን ከዚያ ቁጥር ውስጥ የለችም፤ በሌላ በሽታ ሞታለችና። ከእብድ ውሻ በሽታው ቁጥርም ውስጥ የለችም፤ ያልተመረመረ እንስሳ ማስረጃ አይሆንምና። ታሪክ የሚቆጥረውን ይቆጥራል፤ የማይቆጥረውን ግን አንድ ሰው ተሸክሞት ይኖራል።

አቶ ወልደየሱስ በየዓመቱ በግንቦት ወደ ሰቆጣ ይደውላሉ፤ መስመሩ የሚሠራበት ዓመት አለ፤ የማይሠራበትም አለ። እናቲቱ ሲያገኟቸው አመስግነው፣ መርቀው፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤

«እንደው አባቴ፣ እግር ሰው ይገድላል?»