የፊደሉ እግር

ፊደል ነዳፊው ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ጭንቅላቱ የእጅ ማተሚያውን ብረት መትቷል። ከበላዩ ግድግዳው ላይ የመጨረሻው የሙከራ ወረቀት በሁለት ስፒል ተሰክቷል። ወረቀቱ ላይ ያለው፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የታተሙ መጻሕፍትን መነሻ አድርጎ ለዛሬ አንባቢ ሲነድፈው የኖረ የላቲን ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ ሆሄ ጫፉ ላይ ትንሽ እግር አለው።

መርማሪው ሬሳውን አየ፤ ምንም አልተሰማውም። ድሮ ይሰማው ነበር። ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ሌላ ምክር ስለማያውቅ።

የጣቢያው ፖሊስ ግን ቸኩሎ የፊደል ነዳፊውን ረዳት በካቴና አስሯታል። ጠዋት ከሟቹ ጋር ስትጯጯህ ጎረቤት ሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?» አላት መርማሪው።

«በእግር።»

«በማን እግር?»

«በፊደሉ ነዋ! ወፍሯል አልኩት። ጋሼ ደግሞ ዓይንሽን ታከሚ አለኝ። በየቀኑ እንዲሁ ነን። ምሳ በልቼ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት።»

ሚስትየው ከጠዋት ጀምሮ ሬሳው እስኪገኝ ድረስ እህቷ ቤት ነበረች፤ እህትየዋም አረጋግጣለች። ወንድ ልጃቸው ለዓመታት ርቆ ኖሮ የተመለሰው በቅርቡ ነው።

«ፊደሉን የሚገዛ ድርጅት አግኝቼለት ነበር» አለ ልጁ። «አላለቀም ብሎ ድርቅ አለ።»

«ዛሬ እዚህ ገብተሃል?»

«ከመጣሁ ጀምሮ ይህን ክፍል ረግጬው አላውቅም። ወረቀት ሲሰቅል ወድቆ ነው እንጂ ማን ይነካዋል?»

መርማሪው መሳቢያውን ከፈተ። ከግድግዳው የወረዱ አሮጌ ወረቀቶች ሞልተውታል። አንድ በአንድ እያነሳ አያቸው፤ የስፒሉ ቀዳዳ ሁሉም ላይ በግርጌ በኩል ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ግን ከራስጌው ተሰክቷል። ካቴናውን አስፈትቶ ሦስቱን ሰበሰባቸው።

«እስቲ እሱ እንደሚሰቅለው ስቀሉልኝ» ብሎ አንድ ወረቀት ለረዳቷ ሰጣት።

ሳታስብበት ዘቅዝቃ ሰካችው። «ቀና ካለ ዓይን ቃሉን ያነባል፤ ሲዘቀዘቅ ግን ቅርጹን ብቻ ያያል። ጋሼ ሌላ አሰቃቀል አያውቅም» አለች።

ቀጥሎ ሚስትየው ሌላ ወረቀት ተቀበለች። እጇ ወረቀቱን ዘቀዘቀው። ከዚያ ልጇን ቀና ብላ አየችና መልሳ አቅንታ ሰካችው።

«እኔ ነኝ የገፋሁት» አለች።

መርማሪው ደረቱ ላይ አንድ ነገር ከበደው። «ቀስ ይበሉ፣ እትዬ። እርስዎ እህትዎ ቤት ነበሩ። ሟቹ ቢሆን ዘቅዝቆ ይሰቅል ነበር፤ ረዳቱም እንዲሁ። ከሬሳው በላይ ያለውን አቅንቶ የሰቀለው ልማዱን የማያውቅ ሰው ነው። የሰቀለውም ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው፤ ከመሰላል ወደቀ እንዲባል። እርስዎ ወረቀቱን ገና ከበሩ ሲያዩት ማን እንደሆነ ገብቶዎታል።»

«እርስዎ ዝም ሲሉ ይህቺን ልጅ ሊወስዷት ነበር» ሲልም ጨመረላት፣ ወደ ረዳቷ እያሳየ።

ሚስትየው ረዳቷን ማየት አቃታት።

ልጁ ግድግዳው ላይ የተዘቀዘቀውን ወረቀት አየ። «አልሸጥም ሲለኝ ገፋሁት እንጂ ይሞታል ብዬ አላሰብኩም» አለ በደረቁ። ፖሊሱ ካቴናውን ሲያስገባለት እጁን ራሱ ዘረጋ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። «መቼ ነው ዘቅዝቆ መስቀል የጀመረው?»

«አንተ ከሄድክ በኋላ ነው፣ ልጄ» አለችው።