ሎሚ የተጨመቀበት የአክሱም ሳንቲም

ነጋሳን መጀመሪያ ያየሁት ሳንቲም ላይ ሎሚ ሲጨምቅ ነው። ቀልድ አይደለም!

ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ናዝሬት። ነጋሳ ወርቅ ሠሪ ነበር። የተሰበረ ጉትቻዬን ላስጠግን ሱቁ ዘው ብዬ ስገባ ደንግጦ ሳህኑን በጋዜጣ ሸፈነው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰላጣ ነው...»

«ሰላጣህ ጥርስ ይሰብራል!»

አንገቱን ደፋ። እኔም እዚያው ወደድኩት፤ ምን ልዋሻችሁ።

ከዚያ ወዲያ ጉትቻዬ በየሳምንቱ ይሰበር ጀመር። ውሎ አድሮ ሚስጥሩን ነገረኝ። የአሮጌ ቧንቧ ነሐስ እያቀለጠ የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም አስመስሎ ይሠራል። ሎሚና ጨው ያስረጁታል። ሶደሬ ለመዋኘት የሚመጣ አንድ ፈረንጅ ይገዛውና አገሩ ወስዶ በጨረታ ይሸጠዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ወናፍ አናፋለሁ፣ እሱ ያፈሳል። ፍቅራችን እንዲያ ነበር።

«ዲንቄ፣ ፊትሽ ጥላሸት ሆኗል።»

«ተወኝ! መቼ ነው ይህን ነገር የምታቆመው?»

«እስክንጋባ ብቻ።»

«ብትያዝስ?»

«ምን ይሉኛል? የቧንቧ ነሐስ ሸጠ ነው የሚሉኝ!»

እሱ ይስቃል፣ እኔ እፈራለሁ። ዘመኑ በር ሲንኳኳ ሰው ትንፋሹን የሚውጥበት ነበር።

የፈራሁት አልቀረም። የጨረታው መጽሔት ከነፎቶው አዲስ አበባ ደረሰ አሉ። ሐሙስ ከሰዓት ነጋሳን ከነሳንቲሞቹ ከሱቁ ወሰዱት። ቁልፉ እኔም ጋ ነበርና በጓሮ ገባሁ። ሳንቲም የሚፈስባቸውን የሸክላ ፎርማዎች በነጠላዬ ቋጥሬ ሶደሬ ወረድኩ፤ አዋሽ ውስጥ ጣልኳቸው። «ማስረጃው ጠፋ፣ ዳነልኝ!» ብዬ ለማርያም ተሳልኩ እንኳ።

ሞኝ! ላስገድለው ነበር ለካ።

በማግስቱ ስንቅ ይዤ ወደ ታሰረበት ሄድኩ። መርማሪው መቶ አለቃ ደገፋ አስገባኝ። ነጋሳ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እጆቹ በገመድ ታስረው አድረው አብጠዋል፤ ጣቶቹ አይታጠፉም።

«ይህችን ሴት ታውቃታለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አላውቃትም።»

«ነጋሳ!»

«አላውቃትም አልኩ! ሂጂ ከዚህ!»

ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቆሜ ሳለቅስ ድምፃቸው በመስኮት መጣ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ሳንቲሙ ሐሰተኛ ነው። እኔው ነኝ የሠራሁት።»

«ታዲያ ፎርማው የታለ? ሱቅህ ውስጥ የለም! የጨረታው ባለሙያ ፈረንጅ መርምሮ የአክሱም ነው ብሎ ፈርሞበታል። አንተ ከፈረንጅ ታውቃለህ? የአገር ቅርስ ዘርፈሃል። የሚጠብቅህ ጥይት ነው!... ማን ነበር ረዳትህ?»

«ማንም። ብቻዬን ነኝ።»

አላውቃትም ያለው ለካ እኔን ሊያተርፍ ነው! እሱን የሚያተርፈውን ደግሞ ወንዝ የጣልኩት እኔ! መሸሽ አማረኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከ ግቢው በር ሄጃለሁ። ከዚያ ተመለስኩ።

«ረዳቱ እኔ ነኝ» አልኩ መቶ አለቃው ፊት ቆሜ። «ፎርማውን አዋሽ ጥዬዋለሁ። ካላመኑኝ እዚሁ ልሥራልዎ።»

«ተይ ዲንቄ! ተይ በፈጠረሽ!»

መቶ አለቃው ወደ ነጋሳ ዞረ። «አላውቃትም አላልክም እንዴ?»

ወናፉንና ማቅለጫውን ከሱቁ አስመጡ። ነጋሳን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አስቀመጡት። የሸክላ አፈር ከፈረስ ፋንድያ ጋር አቦካሁ። ከተያዙት ሳንቲሞች አንዱን በሁለት ጭቃ መሃል ተጭኜ አወጣሁና ጭቃውን እሳት ዳር አደረቅኩ። ነሐሱን ሳፈስበት ፎርማው ፈነዳ! እርጥበት ነበረው። እሳቱ ተረጨ፤ የሚጠብቀን ወታደር ጠመንጃውን ወደ እኔ አዞረ።

«ቀስ በይ» አለ ነጋሳ። «በደንብ ይድረቅ።»

«ፈርቻለሁ!»

«እኔም ፈርቻለሁ። አይዞሽ፣ የኔ ዓለም... እንደገና።»

ሁለተኛው ወጣ። ሎሚና ጨው ውስጥ አደረ፤ እኔም እዚያው ታስሬ አደርኩ። እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት መቶ አለቃው ሁለቱን ሳንቲሞች መዳፉ ላይ አገላበጠ።

«የእሷ የቱ ነው?» ብሎ ወታደሩን ጠየቀው።

ወታደሩ አስቦ አስቦ ከነጋሳ ሱቅ የተያዘውን አነሳ። መቶ አለቃው የቅርስ ዘረፋ ክስ የጻፈበትን ወረቀት ቀደደ።

ክሱ ከቅርስ ዘረፋ ወደ ማታለል ወረደ። ዳኛው ለእኔ አንድ ዓመት፣ ለነጋሳ አራት ዓመት ሲፈርዱ እልልታዬን አቀለጥኩት!

«አንቺ ሴት፣ አብደሻል? የምን እልልታ ነው?»

«ጌታዬ፣ በሕይወት ይኖራል እኮ!»

ሲፈታ በሩ ላይ ጠበቅኩት። ጸጉሩ ሸብቷል።

«ዲንቄ... አርጅቻለሁ። ሌላ ብታገቢ አልፈርድብሽም።»

«ደግሞ ልታስለቅሰኝ ነው? ና፣ የአርሲ ነገሌ አውቶቡስ ያመልጠናል። እናቴ እዚያ ሽማግሌዎችህን እየጠበቀች ነው። አራት ዓመት ዘገዩ እኮ!»

ነጋሳ መንገዱ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ እጄን ያዘ፤ አውቶቡሱ ላይ ወጣን።