የማያስቸግረው ካርድ

አስተርጓሚዋ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ወደ ጥገና ሱቁ ስትገባ ጠጋኙ ምን ሆነሽ ብሎ አይጠይቃትም። ያውቀዋላ። ኮምፒውተሯ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ ሊኑክሱ በታደሰ ቁጥር ከኢንተርኔት የሚያገናኛት ያ ውድ የኔትዎርክ ካርዷ ሥራ ያቆማል። ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ እንደገና ሲጭንላት እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ የሥራ ውሎዋን ታወራዋለች። እሱ ይሰማል፤ ለወሬ አልታደለም።

መፍትሔው ከክርኑ ሥር፣ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ፣ ፈጣን ያልሆነ ካርድ። ድራይቨሩ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ማንም ሳይነካው ዓመታት ይሠራል። እሱን ቢገጥምላት ግን ከዚያ ወዲያ ለምን ትመጣለች? ወዷታል፤ ፍቅር ደግሞ ጨዋውንም ሰው ያሳስተዋል።

የሱቁ ባለቤት አጎቱ ነው። «ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝምተኛው ግን ይነቅዛል» ይለዋል፣ እሷ በወጣች ቁጥር።

አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ጠዋት ካርዱ አልሠራ ብሎ፣ አንድ ሐኪምና አንዲት ታማሚ በኢንተርኔት ሲጠብቋት ቀርተዋል። ቀጣሪዎቿ ከተደገመ ሌላ ሰው እንቀጥራለን ብለዋታል።

አፈረ። መሳቢያውን ስቦ አሮጌውን ካርድ ገጠመላት፤ ውዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት።

«ከእንግዲህ አያስቸግርሽም።»

«ይሄ ካርድ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ለምን ብላ አልጠየቀችም። ትንሽ አየችውና ሒሳቧን ከፍላ ወጣች።

ሊኑክሱ አንዴ ታደሰ፣ ሁለቴ ታደሰ፤ እሷ የለችም። ጠጋኙ በሥራው መኩራት ነበረበት። እሱ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል፤ ሌላ ደንበኛ ሆኖ ሲያገኘው ወደ ብየዳው ይመለሳል።

አንድ ከሰዓት ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በጋዜጣ የተጠቀለለውን ካርድ አጠገቡ አኖረች።

«ይሄን መልሰህ ግጠምልኝ።»

«ያኛው ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። ተናድጄብህ ነበር፤ ንዴቱ አለቀ። አሁን መምጫ ምክንያት አጣሁ።»

ከመደርደሪያው ጀርባ አጎትየውን ሳል ያዘው። ጠጋኙ ውዱን ካርድ አንሥቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተና ቆለፈበት።

«አልገጥምም፤ ሥራሽን ያሳጣሻል» አላት። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ። «እሁድ ሱቁ ዝግ ነው። እኔ ግን አለሁ።»

«ኮምፒውተሩንስ ላምጣው?»

«እሱ እቤት ይቀመጥ።»