የአይናዲስ ወረቀት

«አይናዲስ ዛሬም አሟታል?» አለ መምህሩ።

ዜማ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር አየች። «አዎ፣ አሟታል።»

ውሸት ነበር፤ ትምህርት ከተጀመረ አምስተኛው። የአክስቷ ልጅ አይናዲስ ምንም አላመማትም። ሳክሲ ከተማ ያለው ቤታቸው ሆና የዜማን ሕፃን ወንድም እየጠበቀች ነበር።

«እንግዲያው ዛሬ የምታቀርበውን ጽሑፍ አንቺ አንብቢላት።»

አይናዲስ ለዚህ ቀን ሁለት ሳምንት ተዘጋጅታለች። ጓደኛቸው ሊን የነገረቻትን የቻይንኛ ቃል ታሪክ ፈልጋ ጻፈች፤ ሕፃኑን እሹሩሩ ስትል ሳይቀር ጮክ ብላ ትለማመደው ስለነበር ቤቱ በሙሉ በቃሉ ይዞታል። ዜማ፣ አይናዲስ ጠዋት ለመምህሩ ስጪልኝ ያለቻትን ወረቀት ዘርግታ አነበበች።

«ዛሬ ቻይናዎች ‹ልጆች› ሲሉ ቃሉ ውስጥ ‹ቶንግ› አለ። ጥንት ግን ‹ቶንግ› ማለት በሰው ቤት የሚያገለግል ባሪያ እንደነበር የድሮ መዝገበ ቃላት ይናገራል። በኋላ ያላገባ ወጣት ተባለበት፤ ቆይቶ ማንኛውም ልጅ። አገልጋይ የነበረው ልጅ እስኪሆን ብዙ መቶ ዓመት ፈጀ።»

ክፍሉ አጨበጨበ። ዜማ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ጠዋት ሕፃኑን ሲያተኩሰው እናቷ ፀዳለ የሆስፒታል ባጇን አንገቷ ላይ እያጠለቀች፣ «ዴይኬር በትኩሳት አይቀበሉትም፤ እኔ ደግሞ ኮል ኦፍ አድርጌ ከሥራ መቅረት አልችልም። አይናዲስዬ፣ ዛሬን ብቻ ቅሪልኝ። አንቺም ልጄ አይደለሽ?» ብላ ነበር። ፀዳለ ክፉ ሰው አይደለችም። የእህቷን ልጅ ከጎንደር ያስመጣቻት እንደ ልጇ ልታሳድጋት ነው፤ ለዘመድ አዝማዱም የነገረችው ይህንኑ ነው። ግን ዜማን ቅሪ ያለችበት ቀን የለም። ዜማም «እኔ ልቅር» ብላ አታውቅም። ቦርሳዋን አንግታ ውልቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ አይናዲስ ሕፃኑን እንዳዘለች በር ከፈተችላት።

«ሌላ ቀን አቀርበዋለሁ አይደል? አስተላለፉልኝ?»

«እኔ አነበብኩት… ሶሪ።»

የአይናዲስ ፊት ዳመን አለ። ወዲያው ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ኧረ ጥሩ አደረግሽ። የመጨረሻዋን ቀስ ብለሽ አነበብሻት?»

ዜማ እንባዋ መጣ። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

«ስጪኝ እሱን» አለች።

«ትኩሳቱ አልለቀቀውም እኮ፤ ነገም ምናልባት…»

«ነገ እኔ ነኝ የምቀረው። አንቺ ሄደሽ ራስሽ ታነቢላቸዋለሽ። ባስ ላይ ሆኜ ለቲቸር ኢሜይል አድርጌያለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«አንድም ቀን እንዳላመመሽ።»

አይናዲስ ደነገጠች። «አክስቴ ትቆጣለች!»

«ትቆጣ።»

ዜማ ማዘል አትችልበትም። ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ እንደምንም አድርጋ ማዘያውን ሁለቴ ቋጠረችው። እሳት የመሰለ ገላው ሸሚዟን አልፎ ተሰማት። ያን ጊዜ የጋራዡ በር ሲከፈት ሰሙ፤ ፀዳለ ከሥራ ገባች።

አይናዲስ እንደ ልማዷ ሕፃኑን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። ዜማ ግን አላወረደችውም።