አርባ ወንበር፣ ሃያ ሦስት ዘጠነኛ

የፈተና ወንበር እንዲደለድል የተጻፈው ፕሮግራም አሁንም ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። በቁመቷ የተነሳ ሚጢጢ የሚሏት ልጅ ግንባሯን ኪቦርዱ ላይ ደፋች።

«አቦ! ምን ነክቶት ነው?»

ነገሩ ቀላል መስሏት ነበር። የፈተና ክፍሉ አርባ ወንበር አለው፤ በስምንት ረድፍ፣ አምስት አምስት። የሚፈተኑት ሃያ ሦስት የዘጠነኛና አሥራ ሰባት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የአንድ ክፍል ልጆች ደግሞ በጎንም ሆነ በፊትና በኋላ መጎራበት የለባቸውም። ምክትል ርእሰ መምህሩ «ይሄማ የልጅ ሥራ አይደለም» ሲሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ዛሬ ከመውጣታችን በፊት ድልድሉን ጠረጴዛዎ ላይ ያገኙታል» ያለችው ራሷ ነች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሁልጊዜ የምትጠይቀው ፈጣኑ የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ረዳት በየሙከራው «አሁን ተስተካክሏል!» ይላታል። ወሬው እንጂ ሥራው አልተስተካከለም።

የኮምፒውተር መምህሯ ጭንቀቷን አይተው አጠገቧ ተቀመጡ። «በቃ፣ ትልቁን እናማክረው» አሉና ለከባድ ጥያቄ ብቻ የሚጠቀሙበትን ትልቅ የኤአይ ሞዴል ከፈቱላት። «ግን ኮዱን ዝም ብለሽ አትወርውሪለት። የፈለግሽውንም የሞከርሽውንም አብራርተሽ ንገሪው።»

ሁሉንም ጻፈችለት። ትልቁ አልቸኮለም፤ አሰበ፣ አሰበና አጭር መልስ ሰጠ፦ «ጥፋቱ የኮድሽ አይደለም። የተጠየቀው ድልድል በዚህ ክፍል አይቻልም። ወንበሮቹን ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት እያደረግሽ አጣምሪና ቁጠሪ።»

ፎጋሪው የሚሉት ጓደኛዋ ከጀርባዋ ተቀምጦ አነበበ። «አለቀልሽ! ስሚ፣ የተረፉትን ልጆች ጥግ ጥጉ ላይ ሸጉጫቸውና ጭጭ በይ። ምክትሉ ነቄ አይሉም።»

ሐሳቡ ሳያጓጓት አልቀረም። «አልቻልኩም» ልትል ምክትሉ ቢሮ ከመግባት ሌላው ሁሉ ይሻላት ነበር። ግን ጎን ለጎን የሚቀመጡትን ልጆች አሰበች። ፈታኙ «ተኮራርጃችኋል» ቢላቸውስ?

ወረቀት አውጥታ ወንበሮቹን ሳለች። ሁለት ሁለቱን አከበበች፤ ሃያ ጥንድ ሆኑ። በአንድ ጥንድ ውስጥ ከአንድ ዘጠነኛ በላይ መቀመጥ አይችልም። ሃያ ጥንድ፣ ሃያ ዘጠነኛ። ሦስቱ የት ይግቡ?

«ገባኝ!» ብላ ስትጮህ ፎጋሪው ደንግጦ ከወንበሩ ተነሳ። ኮራች፤ እንደዛሬ ኮርታ አታውቅም። መንገዱን ያሳያት ትልቁ ነው፤ ሄዳ የደረሰችው ግን በራሷ እግር ነው።

«አብሬሽ ልምጣ?» አሉ መምህሯ። «እኔ ብነግራቸው ይቀልሻል።»

«አይ ቲቸር፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ቢሮ ስትገባ ምክትል ርእሰ መምህሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «እህስ፣ ደረሰ?»

«አልደረሰም። አይደርስምም። ተጨማሪ ክፍል ያስፈልጋል።»

«ማነው እንደዚህ ያለሽ? ኮምፒውተሩ?»

ተከትሏት መጥቶ በር ላይ የቆመው ፎጋሪው «አይደለም በይ» ብሎ በዓይኑ ጠቀሳት።

«አዎ፣ መጀመሪያ የነገረኝ እሱ ነው» አለች። «ግን እሱ ስላለ ብቻ እንዲያምኑኝ አልፈልግም። ላሳይዎት።»

ማርከሩን አነሳች። የቢሮው ሰሌዳ ከፍ ስላለባት በእግር ጣቶቿ ቆማ የመጀመሪያውን ረድፍ መሳል ጀመረች።