ያልተረጎምኩት ዳጉ

ጣሃ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲመጣ እኔ የታጨሁ ልጅ ነበርኩ። አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ደበቀችን» እንዳትሉኝ ነው። እጮኛዬ ረዲ ሎጊያ ላይ ጋራዥ ያለው ጨዋ ሰው ነበር። አባቴ ጀማሉዲን ለረዲ አባት ቃሉን ሰጥቷል፤ ኒካው ከረመዳን በፊት እንዲታሰር ተቆርጧል። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም እንቢ አላልኩም። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያገባው እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ስምንት ክፍል ያለው ሆቴል ነበረው። በ1973 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ቀጭን ወጣት ባለ ሦስት ማኅተም ደብዳቤ ይዞ ገባ። አባቴ ማኅተሙን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ፤ በዚያን ዘመን ማኅተም ሲታይ ሰው ይነሣ ነበር።

«የጥንት ቦታዎችን ልመዘግብ ነው የመጣሁት» አለ ወጣቱ። «ድልድዩን፣ ፍልውሃውን፣ የድንጋይ መቃብሮቹን፣ የአፋር መንደሮቹን። አፋርኛ የሚችል አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።»

«ድንጋይ ለመመዝገብ ከአዲስ አበባ ድረስ?» አልኩት ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ።

«ምን ላድርግ፣ ድንጋዩ አልመጣ አለኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ በዓይኑ ገሠጸኝ።

አፋርኛን ከጡት ጋር ነው የጠባሁት። እናቴ እኔን ወልዳ አርባ ቀን ሳይሞላት አረፈች፤ ያሳደገችኝ አፋሯ ወተት ሻጭ ኡሙሀኒ ናት። ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔው ሆንኩ። አባቴ ግን የዋዛ ሰው አይደለም፤ አስቀድሞ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቆ፣ አባቱ ደሴ እንደሚኖሩ ሰማ። «ሱልጣና የታጨች ልጅ ናት፤ እወቀው» አለው ለጣሃ። «ኡሙሀኒም ከአጠገባችሁ አትለይም።»

እኔ እንዲያውም ደስ አለኝ። የጡት እናቴ አይደለች? ገመናዬን ብትሸፍንልኝ እንጂ! አይ ሞኝነት። አባቴ ከከተማው ሴት ሁሉ እሷን ለምን እንደመረጠ የገባኝ ኋላ ነው።

ጣሃ ራሱ የሚነዳት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችው። መንገዱ እስካለ እሷ ትወስደናለች፤ ከዚያ በእግር ነው። መጀመሪያ ገደሉ ጋ ሄድን። ተወልጄ ያደግሁበት ገደል ነው፤ ቆሜ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። ከታች አዋሽ እንደ ክር ቀጥኖ ይፈስሳል፤ ዝንጀሮዎች ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዘላሉ። ጣሃ የባቡር ድልድዩን ብረት በመዳፉ ዳሰሰው።

«ይሄንን ሲሠሩ ስንት ሰው ወድቆ ይሆን?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ! ለኔ ድልድዩ የነበረ ነው፤ እንደ ተራራ።»

«ማን ሠራው ብለሽ ጠይቀሽ አታውቂም?»

አላውቅም ነበር። አፈርኩ። ማታ አባቴን ጠየቅሁት፤ እሱም አያውቅም።

በማግስቱ ፏፏቴው ጋ ሄድን። አዞ አሸዋው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ሳላዎች ከሜዳው ማዶ ቀንዳቸውን አቁመው ያዩናል። ከዚያ ወዲያ ፍልውሃው። ዘንባባው መሐል ያለው ውሃ ከሰማዩ ይልቅ ሰማያዊ ነው። «እጅህን እንዳታስገባ!» ስለው አስገብቶ ጮኸ። ኡሙሀኒ «ይህ ሰው ፊደል እንጂ ሌላ አልተማረም» አለች። ይህን አልተረጎምኩለትም፤ ሳቅሁ ብቻ።

በሦስተኛው ቀን መቃብሮቹ ጋ ደረስን። ክብ የድንጋይ ክምር ናቸው፤ ከፊታቸው ትንንሽ ድንጋዮች ተሰልፈዋል። ከዚህ በፊት ከከተማ የመጡ ሰዎች «ስንት ዓመት ይሆነዋል?» ብለው ለክተው ይሄዱ ነበር። ጣሃ ግን ኮፍያውን አወለቀ።

«የማን ነው ብለሽ ጠይቂልኝ» አለኝ በዝግታ።

ኡሙሀኒ ደነገጠች። የተቀበረውን ሰው የሰባት አባቱን ስም ጠራችለት። ስሞቹን አንድ በአንድ እየተቀበልኩ ነገርኩት። ሲጽፍ ቀና አለና አየኝ። ነፋሱ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣለው፤ እንዲሸፍነኝ ተውኩት። ያን ጊዜ ነው የወደድኩት። ከረዲ ጋር ምን ብዬ እኖራለሁ የሚል ፍርሃትም ያን ጊዜ ገባኝ።

ስንመለስ አንዲት ግራር ሥር ግመል የሚነዳ ሽማግሌ አገኘን። ኡሙሀኒ ምርኩዟን አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። ጣሃ ደብተሩን አወጣ።

«ምን ይባባላሉ?»

«ዳጉ ነው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነጋገራል። መጨመር ነውር ነው፤ መቀነስም ነውር ነው። የሰማውም ለሚቀጥለው ይናገራል።»

«እስኪ ተርጉሚልኝ።»

ሽማግሌው የጀመረውን ተረጎምኩ፤ የት ዘነበ፣ የማን ግመል ጠፋች፣ ማን ወለደች። ከዚያ ተራው የኡሙሀኒ ሆነ።

«ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው የአባቶችን መቃብር ይጽፋል። ስማቸውን ጠይቋል። የምትተረጉምለት የጀማሉዲን ልጅ ናት። ሎጊያ ላለው ለረዲ የታጨች ናት። ዛሬ ሰባት ጊዜ ስቃለች። ይህን ሰው ትወደዋለች፤ እሱ ግን አላወቀም።»

ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ።

«አሁንስ ምን አለች?» አለ ጣሃ እርሳሱን እንደያዘ።

«ስለ ሣር ነው» አልኩ። «ሣሩ ዘንድሮ ጥሩ ነው አለች።»

ጻፈው!

ቤት ስንገባ ኡሙሀኒን ጓዳ ወሰድኳት። «እናቴ፣ ምን በደልኩሽ?»

«ያየሁትን ልዋጠው? ዳጉ ላይ ለሚዋሽ ሰው በረሃ ላይ ማን ውሃ ይሰጠዋል?» ብላ የወተት ዕቃዋን አንሥታ ሄደች።

በሳምንቱ ጠዋት ጣሃ የቀሩትን መንደሮች መዝግቦ ጨርሶ ዕቃውን ላንድሮቨሯ ላይ ሲጭን፣ አንድ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመ። ረዲ ወረደ።

«ጋሼ ጀማሉዲን፣ ለጠብ አልመጣሁም» አለ ሳይቀመጥ። «ወሬው ሎጊያ ደርሷል። ውሸት ነው አላልኩም። ለአረፋ እዚህ መጥቼ ስበላ ስጠጣ አንድ ጊዜ እንኳ ስትስቅ አላየሁም። ከሱ ጋር ግን በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ ሳቀች አሉ።» ወደኔ ዞረ። «አልቀየምኩሽም፣ ሱልጣና። ቃልዎን መልሻለሁ ጋሼ። እኔም የምትስቅልኝን ልፈልግ።»

ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። ከስድብ ይልቅ ይህ ጨዋነቱ አስለቀሰኝ።

አባቴ ኡሙሀኒን አስጠራ፤ ጣሃንም ከግቢ ጠራው።

«ኡሙሀኒ፣ የዚያን ቀን ዳጉ ድገሚው። አንቺ ደግሞ ለእንግዳው ተርጉሚ። እኔም አፋርኛ እሰማለሁ፤ ወላሂ አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ።»

ረዲ ሄዷል፤ ስሜ ከአዋሽ እስከ ዱብቲ ተወርቷል። አሁን ይህ ሰው «እኔ የመጣሁት ለድንጋይ ነው» ብሎ መኪናውን ቢያስነሣ ምን ይውጠኛል? ከእንግዲህስ ማን በራችንን ያንኳኳል?

ኡሙሀኒ ጀመረች። ተረጎምኩ። መቃብሩን፣ ስሞቹን፣ ሰባቱን ሳቅ። መጨረሻው ላይ ስደርስ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «"ይህን ሰው ትወደዋለች፤ እሱ ግን አላወቀም" ነው ያለችው» አልኩ። «ሣር አላለችም።»

ሩቅ ያለ ባቡር ጡሩንባውን ነፋ።

«ዳጉው አንድ ስህተት አለበት» አለ ጣሃ።

ኡሙሀኒ ስተረጉምላት እንደ ነብር ተነሣች። «በኔ ዳጉ? ምኑ ላይ?»

«አላወቀም ያለችው ላይ። አውቄ ነበር። ጋሼ የታጨች ናት ስላሉኝ ነው ዝም ያልኩት፤ ቃል ማፍረስ ፈርቼ። እኔም እወዳታለሁ በያት።»

በያት አለኝ! የራሴን ነገር በራሴ አፍ፣ አባቴ ፊት! «እሱም ይወደኛል» አልኩ በአፋርኛ።

«መቼ አወቀ?» አፋጠጠችኝ ኡሙሀኒ። «ቦታውን ይናገር!»

«መቃብሩ ጋ» አለ ጣሃ። «ነጠላዋ ፊቷን ሲሸፍናት ያልገለጠችው ጊዜ።»

ኡሙሀኒ ራሷን ነቅንቃ ምርኩዟን አነሣች።

«ወዴት ነው?» አለ አባቴ።

«የተሳሳተ ወሬ ልኬ ቁጭ ልበል? መንገድ ላይ ሰው አይጠፋም» አለችና ወጣች።

አባቴ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ያ አላህ!» ወደ ጣሃ ዞረ። «አንተስ ምን ቆመሃል? ይቺ ሴትዮ ከወጣች ወሬው ደሴ አባትህ ቤት ካንተ ቀድሞ ይገባል። ሂድና ሽማግሌ ይዘህ ና!»

«ጋሼ፣ ይለፍ ወረቀቴ እኮ ወደ አዲስ አበባ እንጂ ወደ ደሴ አያሳልፍም» አለ ጣሃ ግራ ገብቶት።

«እኔ ቀበሌ ሄጄ አስጽፍልሃለሁ» አለ አባቴ፣ አጎንብሶ ጫማውን እየፈለገ።